የጣሳው ሥዕልና መንጠቆው

የጾም ሰሞን ነው። ናሆም ሦስት የቱና ጣሳ በፌስታል አንጠልጥሎ ወደ ጎረቤቱ ወደ ጋሽ ተፈራ ቤት ጎራ አለ። ጋሽ ተፈራ ከአሰብ ይነሡ በነበሩ የንግድ መርከቦች ላይ ወጥ ቤት ሆነው ያረጁ ሰው ናቸው።

ጋሽ ተፈራ፦ ምን ይዘሃል?

ናሆም፦ ቱና ነው ጋሼ። ባሕሩን አይጎዳም ብለውኝ ዶልፊን የተሣለበትን መርጬ ገዛሁ።

ጋሽ ተፈራ፦ ይኸውና! ይቺን ሥዕል ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች ልተወውና፣ አንተ የገዛኸው ቱና ነው ወይስ ዶልፊን?

ናሆም፦ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል አሉ! ቱና ነዋ።

ጋሽ ተፈራ፦ ታዲያ ዶልፊን ስለ ቱና ምን ይመሰክራል? ነገሩ እንዲህ ነው። በምሥራቅ ፓስፊክ፣ ከሜክሲኮ ዳርቻ ራቅ ብሎ፣ ባለቢጫ ክንፉ ቱና ከዶልፊን መንጋ ሥር ይዋኛል። አስጋሪዎቹ ዶልፊኑን ከላይ ያዩና ቱናው ከሥሩ አለ ብለው ሁሉንም በትልቅ መረብ ይከቡታል። በዚህ መንገድ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶልፊን አለቀ። ሕዝብ ጮኸ፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ትልልቆቹ የአሜሪካ ቱና አሻጊዎች ዶልፊን እየተገደለ የተያዘ ቱና አንገዛም አሉ፤ ምልክቱም መጣ። ደግ አደረጉ። ምልክቱ የሚናገረው ግን ስለ ዶልፊን ብቻ ነው፤ ቱናው ራሱ እየበዛ ይሁን እያለቀ አይነግርህም።

ደግሞ ሌላ መላ አለ። በውቅያኖስ መሐል ጥላ የሚጥል ነገር ከተገኘ ዓሣ ከሥሩ ይሰበሰባል። ስለዚህ መርከቦቹ ሆን ብለው ተንሳፋፊ ነገር ያስቀምጡና ዙሪያውን በመረብ ይከቡታል። የሚፈልጉት ስኪፕጃክ የሚባለውን ትንሹን ቱና ነው፤ መረቡ ግን ገና ያልወለደውን የባለቢጫ ክንፍ ግልገል፣ ሻርኩን፣ ያገኘውን ሁሉ ያግበሰብሳል። ዶልፊን አልተነካም፤ ጣሳው ላይም ዶልፊኑ ይዘላል!

ናሆም፦ እና ምን ብዬ ልጠይቅ?

ጋሽ ተፈራ፦ «በምን ተያዘ?» በል። እኔም ብሆን ይህ የገባኝ ዘግይቶ ነው። በ1979 ዓ.ም. የመርከባችን ሞተር ተበላሸና ማልዲቭ፣ ማሌ ፊት ለፊት መልሕቅ ጥለን ቆምን። በማለዳ ዶኒ የሚሏቸው ጀልባዎች አጠገባችን ወጡ። ሰዎቹ ከኋላ ተደርድረው ዘንግ ይዘዋል። አንዱ ውኃ ይረጫል፤ ሌላው በሕይወት ያለ ትንንሽ ዓሣ ወደ ባሕሩ ይበትናል። እኔ ደግሞ ለመርከበኞቹ «እነዚህ ሰዎች ዓሣ እየጣሉ ዓሣ ይለምናሉ» ብዬ አሳቅኩባቸው።

ከሰዓት አንዱ ዓሣ ሊሸጥልን መጣ። መንጠቆውን ባየው ጫፉ ላይ ወደኋላ የዞረው፣ ዓሣውን ይዞ የሚያስቀረው እሾህ የለም። አንጥረኛው አላዋቂ ነው ብዬ አዘንኩና ከራሴ ሣጥን ባለእሾህ መንጠቆ አውጥቼ ሰጠሁት። አገላብጦ አየው፣ ሳቀ፣ መለሰልኝ። ስጦታዬን ናቀ! ስንት ዓመት በሆዴ ይዤው ኖርኩ።

ኋላ ነው የተረዳሁት። የሚረጨው ውኃ ትንንሽ ዓሦች ከላይ የሚርመሰመሱ ያስመስላል፤ የሚበተነው ማጥመጃ ቱናውን ወደ ጀልባው ይስበዋል። እሾህ የሌለው መንጠቆ ደግሞ ዓሣው ጀልባው ላይ እንደወደቀ በራሱ ይለቀዋል፤ ሰውየው ጎንበስ ሳይል ዘንጉን መልሶ ይወረውራል። የእኔን ተቀብሎኝ ቢሆን እያንዳንዱን ዓሣ በእጁ ሲያላቅቅ መንጋው ጥሎት በሄደ ነበር።

ናሆም፦ እንግዲያው ለፍጥነት ነው እንጂ ባሕሩን ለመጠበቅ አይደለማ!

ጋሽ ተፈራ፦ አሁን ገባህ! ሰዎቹ ቅዱሳን ስለሆኑ አይደለም፤ አንድ መንጠቆ የሚያነሣው አንድ ዓሣ ስለሆነ ነው። የማይፈለገው ዓሣ እምብዛም አይያዝም። የሚይዙትም በአብዛኛው ስኪፕጃክ ነው፤ ፈጥኖ ይራባል። እርግጥ ማጥመጃው ትንሽ ዓሣም ልክ ይፈልጋል። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ1997 የተቋቋመው ማሪን ስቱዋርድሺፕ ካውንስል የሚባለው ድርጅት፣ ዓሣው በልክ ተጠምዷል የሚለውን ሰማያዊ ምልክቱን በ2012 ለማልዲቭ የዘንግ ስኪፕጃክ ፈቀደ። በዚያው በሕንድ ውቅያኖስ ያለው ባለቢጫ ክንፍ ግን በ2015 ከልክ በላይ ተጠምዷል ተባለ። ባሕሩ አንድ፣ ዕጣው ሁለት።

ናሆም፦ ውቅያኖስን የሚያክል ነገር ዓሣው ያልቃል እንዴ?

ጋሽ ተፈራ፦ ኮድ የሚሉትን የካናዳ ዓሣ ጠይቅ። እ.ኤ.አ. ከ1497 ወዲህ አውሮፓን ለአምስት መቶ ዓመት የቀለበ ዓሣ፣ የባሕር ወለል የሚጠርጉ ትልልቅ መርከቦች ሲመጡበት ተመናመነ፤ በ1992 ኒውፋውንድላንድ ላይ ማጥመድ ተከለከለና 30,000 ያህል ሰው ሥራ ፈታ። በቃ።

ናሆም፦ የዘንጉ ቱና ግን ውድ አይሆንም?

ጋሽ ተፈራ፦ ይወደዳል። ሦስት ከምትገዛ አንድ ግዛ፤ ካልሆነም ፈጥኖ የሚራባውን ሳርዲን ብላ፣ እሱንም ከየት እንደመጣ አንብበህ። ዱባይ ያለችው እህትህም ሐሙር የሚሉትን ዓሣ አምጡልኝ ከማለቷ በፊት ታስብ፤ ባሕረ ሰላጤው ላይ ከልክ በላይ ተጠምዷል። እስቲ ጣሳህን አዙረው፤ ምን ይላል?

ናሆም፦ ቱና፣ ዘይት፣ ጨው።

ጋሽ ተፈራ፦ የቱ ቱና? ከየትኛው ባሕር? በምን የተያዘ?

ናሆም፦ አይልም ጋሼ።

አንባቢ ሆይ፣ ባለሱቅ የሚያመጣው የተጠየቀውን ነው። የዓሣውን ዝርያ፣ የተያዘበትን ባሕርና የተያዘበትን መሣሪያ የማይናገር ጣሳ፣ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር ወደ መደርደሪያው ይመለስ።