ከፈረቃ መልስ ፓይተን፦ እየሠሩ ፕሮግራሚንግ ለመጀመር ለሚያስቡ

«ኮምፒውተር መማር እፈልግ ነበር፤ ግን በየትኛው ሰዓት?» ይህን ጥያቄ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ካፌም፣ በአሌክሳንድሪያ የመኪና ማቆሚያም፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላም የሚያነሳ አይጠፋም። ጠያቂው ቀን ሆቴል ሠርቶ ማታ ኡበር የሚነዳ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሌሊቱን ነርሲንግ ሆም አድራ ጠዋት ልጆቿን ትምህርት ቤት የምታደርስ እናት። በሳምንት አራት ቀን ክፍል መቀመጥ ለሁለቱም የማይታሰብ ነው። ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት የሚሰጠውን ደግሞ ጀምሮ በሦስተኛው ሳምንት የተወው ብዙ ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ኮሌጆች «ሃይብሪድ» የሚሉት ቅይጥ ትምህርት ነው። ገለጻው በቪዲዮ፣ ንባቡና የቤት ሥራው በኢንተርኔት ይሰጣል፤ ከዚያ ውጪ፣ ብዙ ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን፣ ተማሪው ካምፓስ ሄዶ መምህሩ ፊት ይቀመጣል። አገር ቤት የማታውን ኤክስቴንሽንና የርቀት ትምህርቱን ለሚያውቅ ሰው የሁለቱ ድብልቅ ነው። ለፕሮግራሚንግ ጀማሪ ደግሞ ያቺ አንድ ቀን ትልቅ ዋጋ አላት። በፓይተን ቋንቋ አንድ መስመር ከቦታው ትንሽ ገባ ወይም ወጣ ካለ ፕሮግራሙ አልሠራም ይላል። ብቻውን የተቀመጠ ጀማሪ በዚህ ሦስት ሰዓት ሊያጠፋ ይችላል፤ ጎኑ የቆመ መምህር ግን በሁለት ደቂቃ ያሳየዋል።

የት ይጀመራል?

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቅርቡ በር ኮሚኒቲ ኮሌጅ ነው። በቨርጂኒያ በኩል «ኖቫ» በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ አሌክሳንድሪያንና አናንዴልን ጨምሮ ስድስት ካምፓሶች አሉት። በሜሪላንድ በኩል እ.ኤ.አ. በ1946 የተመሠረተው ሞንትጎመሪ ኮሌጅ በሮክቪል፣ በጀርመንታውንና በታኮማ ፓርክ ያስተምራል። ሁለቱም የመግቢያ በራቸው ክፍት ነው፤ ለመግባት ውድድር የለም።

የቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጆች የጀማሪ ኮርስ «ሲኤስሲ 221» ይባላል፤ ባለ 3 ክሬዲት ሲሆን በኖቫ የሚሰጠው በፓይተን ነው። በሞንትጎመሪ ኮሌጅ ተመጣጣኙ «ሲኤምኤስሲ 140» ነው። ከመመዝገብ በፊት ሁለት ነገር ማጣራት ይገባል። አንደኛው ኮርሱ የሂሳብ ወይም የእንግሊዝኛ ቅድመ ሁኔታ እንዳለው ነው። ሁለተኛው የክፍሉ ዓይነት ነው፤ በምዝገባ ገጹ ላይ «ሃይብሪድ» ወይም ተመሳሳይ ትርጉም ያለው ቃል መኖር አለበት። «ሲንክሮነስ» የሚል ከሆነ በተወሰነ ሰዓት ዙም ላይ መገኘት ግዴታ ነው፤ «አሲንክሮነስ» ከሆነ የተወሰነ ሰዓትም፣ የሚገናኙበት ክፍልም የለም።

ዘጠኙ ሰዓት

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ካምፓስ የሚኬደው በሳምንት አንድ ቀን ስለሆነ ኮርሱ ቀላል ይመስላል። በአሜሪካ ፌዴራል ትርጉም መሠረት ግን አንድ ክሬዲት ማለት ለ15 ሳምንታት ያህል በየሳምንቱ 1 ሰዓት ክፍልና ቢያንስ 2 ሰዓት የግል ሥራ ነው። ባለ 3 ክሬዲቱ ኮርስ በሳምንት 9 ሰዓት ይጠይቃል ማለት ነው። ሃይብሪድ የሚቀንሰው የመንገዱንና የክፍሉን ጊዜ ነው፤ ዘጠኙ ሰዓት ግን እንዳለ ነው። ያንኑ ኮርስ በ8 ሳምንት የሚያጠናቅቀውን ፈጣን ክፍል የመረጠ ሰው ደግሞ በሳምንት ወደ 17 ሰዓት ይጠብቀዋል። የሙሉ ጊዜ ሥራ ያለው ጀማሪ ረጅሙን ሴሚስተር ቢመርጥ ይሻለዋል።

ዘጠኙ ሰዓት ቤት ውስጥ ቦታ ካልተሰጠው አይገኝም። ሌሊት የምትሠራ እናትን እንውሰድ። ቅዳሜ ጠዋት ካምፓስ ሄዳ ለ3 ሰዓት ትማራለች። ማክሰኞና ሐሙስ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሳሉ፣ እንቅልፏን ከጨረሰች በኋላ፣ ሁለት ሁለት ሰዓት በቤተ መጻሕፍት ትሠራለች። የቀረው ሁለት ሰዓት እሑድ ማታ ነው፤ ያን ጊዜ ልጆቹን ባለቤቷ ወይም እህቷ ትይዝላታለች። ይህ ዝግጅት ሴሚስተሩ ሳይጀመር ከቤተሰብ ጋር ተነጋግረው ግድግዳ ላይ የሚለጥፉት መሆን አለበት። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነፃ ዋይፋይና ኮምፒውተር ስላላቸው ጫጫታ ለበዛበት አፓርታማ ጥሩ መሸሻ ናቸው።

ገንዘቡ ከየት?

የመጀመሪያው ጉዳይ የነዋሪነት ዋጋ ነው። ቨርጂኒያ የነዋሪ ክፍያ የምትሰጠው ቢያንስ አንድ ዓመት በግዛቷ ለኖረ ነው፤ የሌላ ግዛት ሰው ከእጥፍ በላይ ይከፍላል። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ዋጋውን በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል፦ ለካውንቲው ነዋሪ፣ ለሜሪላንድ ነዋሪና ከግዛቱ ውጪ ለሚመጣ። ከቨርጂኒያ ወደ ሜሪላንድ ወይም ከሜሪላንድ ወደ ቨርጂኒያ ለመዘዋወር ያሰበ ሰው ቤቱን ከመቀየሩ በፊት ይህን ቢያስላ ይጠቅመዋል።

ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ያለው ሰው «ፋፍሳ» የሚባለውን የፌዴራል ማመልከቻ ሞልቶ ፔል ግራንት ሊጠይቅ ይችላል። ፔል የማይመለስ ድጋፍ ነው፤ ከፍተኛው መጠን እ.ኤ.አ. ለ2024-25 የትምህርት ዘመን 7,395 ዶላር ነበር። በትርፍ ጊዜ ለሚማር እንደ ክሬዲቱ ብዛት ተቀናሽ ሆኖ ይሰጣል። ሁለት ነገር ግን ልብ ይባል። ዲግሪ ወይም ሰርተፊኬት ፕሮግራም ሳይመርጥ ለአንድ ኮርስ ብቻ የተመዘገበ ሰው ፔል አያገኝም። ባችለር ዲግሪ ያለውም አያገኝም፤ ዲግሪው ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር ወይም ከጅማ የተገኘ ቢሆንም ያው ነው። ዕድሜው 24 ያልሞላ፣ ያላገባና የሚያሳድገው ልጅ የሌለው አብዛኛውን ጊዜ የወላጆቹን ገቢም ማስሞላት አለበት።

ዲግሪ ይዞ ለመጣ ሰው ሌሎች በሮች አሉ። አሠሪ ለሠራተኛው ትምህርት በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ከታክስ ነፃ ሊከፍል ይችላል፤ የሥራ ቦታውን የሰው ኃይል ክፍል መጠየቅ ነው። በታክስ በኩል «ላይፍታይም ለርኒንግ» የሚባለው ቅናሽ ለአንድ ኮርስም ቢሆን ይሠራል፦ ከከፈሉት እስከ 10,000 ዶላር ድረስ 20 በመቶው፣ ማለትም ቢበዛ 2,000 ዶላር፣ ከሚከፈለው ግብር ላይ ይቀነሳል። የገቢ ጣሪያ ስላለው ታክስ የሚሠራላቸውን ሰው መጠየቅ፣ ኮሌጁ የሚልከውን 1098-ቲ ቅጽም ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. በ2021 የጀመረችው «ጂ3» ፕሮግራም ደግሞ ገቢያቸው መካከለኛና ከዚያ በታች የሆኑ ነዋሪዎችን ያግዛል፤ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ከመስኮቹ አንዱ ነው።

የመኖሪያ ወረቀቱም ይታይ። በተማሪ ቪዛ (ኤፍ-1) ያለ ሰው የሙሉ ጊዜ ተማሪ መሆን ስላለበት የትርፍ ጊዜው መንገድ ለእሱ አይሆንም። የኤፍ-1 ተማሪ የትዳር አጋር (ኤፍ-2) ግን በትርፍ ጊዜ መማር ትችላለች። ጊዜያዊ ከለላ (ቲፒኤስ) ያለው ሰው መማር ቢችልም የፌዴራሉን ገንዘብ አያገኝም። በጉብኝት ቪዛ የመጣ ሰው መመዝገብ የለበትም።

ከመክፈል በፊት መቅመስ

ገንዘቡንም ሰዓቱንም ከማውጣት በፊት ነገሩ ይስማማ እንደሆነ በነፃ መሞከር ይቻላል። የሃርቫርዱ ዴቪድ ማላን የሚያስተምረው «ሲኤስ50» እና የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ቻርልስ ሴቨራንስ ለጀማሪ ያዘጋጀው የፓይተን ትምህርት በነፃ ይገኛሉ። በኢትዮጵያ ያሉ ወንድምና እህቶችም በ2016 ዓ.ም. የተጀመረውን የ«5 ሚሊዮን ኮደርስ» ሥልጠና ያውቁታል፤ ከእነሱ ጋር በቴሌግራም ተያይዞ ማጥናት ሁለቱንም ያበረታል። ውድ ኮምፒውተርም አያስፈልግም። ጉግል ኮላብ የሚሠራው በብሮውዘር ስለሆነ ርካሽ ክሮምቡክ ይበቃዋል። ስልክ ግን ቪዲዮ ለማየት እንጂ ኮድ ለመጻፍ አይመችም።

ለልምምድ ከራስ ሕይወት የወጣ ጥያቄ ከመጽሐፉ ጥያቄ ይበልጣል። ፓይተን 3 የግእዝ ፊደልን ስለሚቀበል ውጤቱን በአማርኛ ማሳየት ይቻላል፤ የቫሪያብሉን ስም እንኳ በአማርኛ መጻፍ ይፈቅዳል። ባሕረ ሐሳብን እንውሰድ። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5,500 ተደምሮ ለ4 ይካፈላል፤ ቀሪው 1 ከሆነ ዘመኑ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ ነው። ለ2018 ድምሩ 7,518፣ ቀሪው 2፣ ዘመኑም ማርቆስ ይሆናል። በፓይተን ቀሪን የሚያወጣው የ% ምልክት ነው፤ አራቱን ወንጌላውያን የሚለየው ደግሞ በ«ኢፍ» የሚጀምር አራት ቅርንጫፍ ያለው ትእዛዝ ነው። የአብነት ተማሪ በቃሉ የሚያሰላውን ጀማሪው በአሥር መስመር ይጽፈዋል። የእቁብ ዕጣ ማውጫና የኢትዮጵያን ሰዓት ወደ አሜሪካ ሰዓት መቀየሪያ ቀጣዮቹ ናቸው።

ክፍል ውስጥ የሚያስደነግጡ ነገሮች

ኖቫ ትምህርቱን የሚያስኬደው ካንቫስ በሚባል ሲስተም ነው። የቤት ሥራ ማስረከቢያው ብዙ ጊዜ 11:59 ፒኤም ይላል፤ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 5:59 ማለት ነው። «እስከ ነገ ጠዋት» ብሎ የተኛ ሰው አልፎበታል። ሌላው የኩረጃ ሕግ ነው። አብሮ ማጥናት፣ ስለ መፍትሔው መወያየት ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል፤ የጓደኛን ኮድ ገልብጦ ማስገባት ግን ሁለቱንም ሊያስቀጣ ይችላል። ቻትጂፒቲን መጠቀም የሚፈቀድበትንና የማይፈቀድበትን መምህሩ በመጀመሪያው ሳምንት በሚሰጠው የኮርስ መመሪያ ላይ ይጽፈዋል። መመሪያው እስከ መጨረሻው ይነበብ። የኮሌጆቹ የማስጠኛ ማዕከላት ነፃ ናቸው፤ እንግሊዝኛዬ አይበቃም ብሎ መቅረት አያስፈልግም።

ኮርሱ ከከበደ ዝም ብሎ መጥፋት ከሁሉ የከፋው ነው። ክፍያ የሚመለስበት የመጨረሻ ቀን በሴሚስተሩ መጀመሪያ አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ «ደብሊው» በሚባለው የማቋረጫ ምልክት መውጣት ውጤቱን ባያበላሽም የፌዴራል ድጋፍ የሚያገኝ ተማሪ ከተመዘገበባቸው ክሬዲቶች ምን ያህሉን እንደጨረሰ ሲቆጠር «ደብሊው»ው እንዳልተጠናቀቀ ይያዛል።

«በሦስት ወር ሥራ እናስገባለን» የሚሉ የግል ማሠልጠኛዎችም አሉ። በቨርጂኒያ የግል ትምህርት ቤቶችን ፈቃድ የሚሰጠው የግዛቱ የከፍተኛ ትምህርት ምክር ቤት ነው፤ ከመፈረም በፊት ፈቃዱንና ገንዘብ የሚመለስበትን ውል በጽሑፍ መጠየቅ መብት ነው። ያልሠሩበትን ልምድ በሲቪ ላይ ጻፉ የሚልን ቦታ ወዲያው መተው ይገባል።

በሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ በር አለ። እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመው የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ እና በ1974 የተቋቋመው የእስራኤሉ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ የተሠሩት እየሠሩ ለሚማሩ ሰዎች ነው፤ የእስራኤሉ ለባችለር የመግቢያ መስፈርት አይጠይቅም።

በዲሲ አካባቢ በጃንዋሪ ለመጀመር የሚያስብ ሰው በኦክቶበር ፋፍሳውን ይሙላ። በዚያው ወር የኮሌጁን ማመልከቻ ጨርሶ ከአማካሪ ጋር ቀጠሮ ይያዝ። በኖቬምበር፣ ሃይብሪድ ክፍሎቹ ሳይሞሉ፣ ቅዳሜ ወይም ማታ የሚገናኘውን ይምረጥ፤ ለፈረቃ አስተባባሪው ወይም ለአለቃውም የክፍሉን ቀን በጽሑፍ ይንገር። በዲሴምበር ዕረፍት የ«ሲኤስ50»ን የመጀመሪያ ሁለት ሳምንት ትምህርት ሠርቶ ከጨረሰ፣ ክፍል ሲገባ «ቫሪያብል» እና «ሉፕ» አዲስ ቃል አይሆኑበትም።