ከመከራ በኋላ የሰው ልቡና

አንድ ዓይነት አደጋ ከደረሰባቸው ሁለት ሰዎች አንደኛው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ሥራው ሲመለስ፥ ሁለተኛው ዓመት ሙሉ ከቤቱ መውጣት የሚያቅተው ስለ ምንድን ነው? በክፍላችን ውስጥ «ትራውማ» የሚለው ቃል በተነሣ ቍጥር በደብተራችን የምንገለብጠው የምልክቶችን ዝርዝር ብቻ ነውና ይህ ጥያቄ ሳይነሣ ይቀራል። እኛ ግን ለፈተና ከሚሰጠው ጥቅም ይልቅ ሌላ ምክንያት አለን። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በቆየው የሰሜኑ ጦርነትና ከዚያም ወዲህ በተከተሉት ግጭቶች ያየውን አይቶ መጥቶ ከእኛ ጋራ በአንድ ዶርም የሚያድር ተማሪ አለ። ለዚህ ጓደኛችን የምንሰጠው ስም የምናደርግለትን ነገር ይወስነዋል።

ስም የመስጠት ነገር ከተነሣ፥ የዚህ ጥናት ታሪክ ራሱ የሚጀምረው በስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 ቻርልስ ማየርስ የተባለው እንግሊዛዊ የሳይኮሎጂ ሊቅ፥ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ግንባር የመጡ ወታደሮች ያለ አካል ቍስል ማየትና ማስታወስ እንዳቃታቸው «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ገለጸና ሁኔታውን «ሼል ሾክ» አለው። ሐሳቡ የመድፍ ጥይት ሲፈነዳ የአየሩ ግፊት አንጎልን ያናውጣል የሚል ነበር። ነገር ግን ፍንዳታ አጠገባቸው ያልደረሰ ወታደሮችም ያንኑ ምልክት ማሳየታቸው ስለ ታወቀ፥ ማየርስ ራሱ በኋላ ስሙን ጠላው። ለጦር አለቆች ግን ከዚህ የሚከተለው ነገር አጭር ነበር፤ አንጎሉ ካልተናወጠ ሰውየው ፈሪ ነው። በዚያ ጦርነት የብሪታንያ ጦር ከግንባር በመክዳት፥ በፍርሀትና በመሳሰለው ወንጀል 306 ወታደሮችን በጥይት አስደብድቦ ገድሏል። ምሕረት የተደረገላቸው በ2006 ነው፤ ዘጠና ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ ማለት ነው።

ከቬትናም ጦርነት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1980 የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ይህን ሁኔታ በበሽታ መዝገቡ ላይ አሰፈረው። በመዝገቡ ላይ ካሉት ነገሮች አንዱን ብቻ አጥብቀን እንያዝ። ያ የተደረገው ነገር ሳይጠሩት እየመጣ ቢያስጨንቅ፥ ሰውየው የሚያስታውሰውን ቦታና ወሬ ሁሉ ቢሸሽ፥ በትንሽ ኮሽታ ቢበረግግ፥ እንቅልፍ ቢያጣ፥ ይህ ሁሉ ከአንድ ወር በላይ ካልዘለቀ በዚህ በሽታ ስም አይጠራም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲህ መሆን የጤነኛ ሰው ጠባይ ነው። እንዲያውም ምንም ባይሰማው ይደንቃል እንል ነበር፤ ግን ይህም ስሕተት ነው፤ ከባድ መከራ አይተው ብዙም ሳይናወጡ የሚያልፉ ሰዎች ጥቂት አይደሉምና።

እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ የወጣ ሰፊ ጥናት፥ ከተጠየቁት ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት በዕድሜያቸው ቢያንስ አንድ ከባድ መከራ እንደ ደረሰባቸው፥ በሽታው የያዛቸው ግን ከመቶ ስምንት ያህሉ ብቻ እንደ ሆኑ አሳየ። የመከራው ዓይነትም ትልቅ ልዩነት አለው። የከፋ መከራችን ተገድዶ መደፈር ነው ካሉት ሴቶች ውስጥ ከመቶ 46 ያህሉ ሲታመሙ፥ የተፈጥሮ አደጋ ነው ካሉት ግን ከመቶ ስድስት እንኳ አልሞሉም። የሰው እጅ ያለበት መከራ ይበልጥ ይጎዳል ማለት ነው።

አደጋው ሰው ሠራሽ ሲሆን፥ ከዚያም በኋላ ደግሞ ሌላ ጥፋት ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን ለማየት የባፋሎ ክሪክን ታሪክ የመሰለ የለም። ባፋሎ ክሪክ በአሜሪካ በዌስት ቨርጂኒያ የሚገኝ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሸለቆ ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 26 ቀን 1972 ጧት፥ የማዕድን ኩባንያው ከከሰል ጥራጊ ያቆመው ግድብ ፈረሰና አምስት መቶ ሚሊዮን ሊትር ያህል ጥቁር ውሃ በሸለቆው ውስጥ ባሉት መንደሮች ላይ ወረደ። 125 ሰዎች ሞቱ፤ ከአምስት ሺህ ከማይበልጠው ነዋሪ አራት ሺህ ያህሉ ቤት አልባ ሆነ። ኩባንያው ነገሩን የእግዚአብሔር ሥራ ነው ሲል ተናገረ። ሃይማኖታቸውን የሚያከብሩት ያገሩ ሰዎች ከውሃው ባልተናነሰ በዚህ ቃል ተቈጡ።

መንግሥት ለተረፉት ተንቀሳቃሽ ቤቶች አቀረበ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ አሰጣጡ ግን እንደ ተራ ስለ ነበረ ከማን ጋራ ጎረቤት እንደ ነበሩ ማንም አልጠየቀም። ስለዚህ ሠላሳ ዓመት በአንድ አጥር የኖሩት በየሰፈሩ ተበታትነው፥ ማታ በር የሚያንኳኳ ዘመድ አጡ። ካይ ኤሪክሰን የተባለው የየል ዩኒቨርሲቲ የሶሲዮሎጂ መምህር እየዞረ ካነጋገራቸው በኋላ በ1976 ባወጣው መጽሐፍ ሁለት ቍስል ለየ፤ አንዱ በእያንዳንዱ ሰው ልብ ላይ የደረሰው፥ ሁለተኛው ሰውን ከሰው ያያያዘው ገመድ ሲበጠስ በማኅበሩ ላይ የደረሰው ነው። ዝናብ በጣለ ሌሊት ልብሳቸውን ሳያወልቁ ወንዙን ሲጠብቁ የሚያድሩ ነበሩ። የጎርፉ ቀን ከሸለቆው ውጭ ውለው ውሃውን በዓይናቸው ያላዩ ሰዎች እንኳ ታመው ተገኙ። ከስድስት መቶ የሚበልጡ ተራፊዎች ከስሰው በ1974 በ13.5 ሚሊዮን ዶላር ታረቁ፤ ገንዘቡ ግን ጎረቤት አልመለሰም። ከ14 ዓመት በኋላ ሐኪሞች እንደገና ሲመረምሩ፥ ከተመረመሩት ከአራት አንዱ ገና ታሞ ነበር።

እኛ አገር ይህ ገመድ ዕድር፥ ልቅሶና ጎረቤት ነው። መርዶ በድንገት አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ ጎሕ ሲቀድ ይረዳል እንጂ። ሐዘንተኛውም ለቀናት ብቻውን አይተውም። ነገር ግን መንደር ሙሉ በአንድ ሌሊት ሲሰደድ አስተዛዛኙና ሐዘንተኛው አንድ ይሆናሉና ማን ማንን ይቀመጥለታል? በ2000 እ.ኤ.አ. ሰባ ሰባት ጥናቶችን በአንድነት የመዘኑ ተመራማሪዎችም የደረሱበት ከዚህ አይርቅም፤ ሰውየው ከአደጋው በፊት ከነበረው ጠባይና ታሪክ ይልቅ፥ የአደጋው ክብደት፥ ከአደጋው በኋላ ደጋፊ ማጣቱና ሌላ ችግር መደራረቡ ይበልጥ ይጎዱታል። «ድሮም ልበ ደካማ ነበር» የሚለው የዶርም ፍርድ እንግዲህ ቀላሉን ይዞ ከባዱን የሚተው ነው።

ታዲያ እንደግፈው ብለን «ያየኸውን ሁሉ ንገረን» እያልን እንቀመጥበት? ይህም ተሞክሯል። ከአደጋ የተረፈን ሰው ወዲያው ሁሉን አስተርኮ ማስወጣት ለብዙ ዓመታት ጥሩ ዘዴ ተብሎ ይሠራበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 በእሳት በተቃጠሉ ሕሙማን ላይ በተደረገ ምርመራ፥ እንዲህ ከተተረከላቸው ከመቶ 26፥ ካልተደረገላቸው ግን ከመቶ 9 ብቻ ከ13 ወር በኋላ ታመው ተገኙ። እርግጥ የመጀመሪያዎቹ ቃጠሎ ከፍ ያለ ስለ ነበረ ልዩነቱን ሁሉ በዘዴው ማሳበብ አይገባም፤ ሆኖም ሌሎች ጥናቶችም ጥቅሙን ስላላገኙ የዓለም የጤና ድርጅት ዘዴውን አይመክርም። ደግሞም «እርሳው፥ ያለፈው አልፏል» ማለት አይበጅም። ሪቨርስ የተባለው ሐኪም በ1918 እ.ኤ.አ. ትዝታን በግድ ማባረር ሕመሙን እንደሚያባብስ ከወታደሮቹ ሁኔታ አይቶ ጽፏል። ሊናገር የሚወድ ይናገር፤ ዝም ሊል የሚወድም ዝም ይበል። ወር አልፎ የማይሻለው ከሆነ፥ ታሪኩን በሥርዓትና ቀስ በቀስ የሚያስተርከው የሠለጠነ ሐኪም አለና ወደ እርሱ አብሮ መሄድ ነው።

እስከዚያ ድረስ ሥራችን ትንንሽ ነው። ተኝቶ ሲቃዥ በመነቅነቅ ፈንታ ራቅ ብሎ ስሙን መጥራት፥ የተወጠረ ፌስታል አጠገቡ እያፈነዱ አለመቀለድ፥ ካፌ ሳይበላ ሲቀር ማወቅ፥ የቀረበትን የትምህርት ማስታወሻ መስጠት፥ ለሬጅስትራር ወረፋ አብሮ መቆም። አንድ ነገር ግን ከግል አቅማችን በላይ ስለ ሆነ የተማሪዎች ኅብረት ሊይዘው ይገባል። የዶርም ድልድል በስም ፊደል ተራ ሲወጣ፥ ከአንድ የተፈናቀለ ሰፈር የመጡ ሦስት ልጆች በሦስት ሕንፃ ይበተናሉ። በሚመጣው ምዝገባ ከድልድሉ በፊት «አብረኸው ልታድር የምትፈልገው ሰው አለን?» የሚል አንድ መስመር በቅጹ ላይ እንዲጨመር ለተማሪዎች ዲንና ለፕሮክተሮች ጥያቄ ይቅረብ።