ብረት ለበስ መርከብና የሴባስቶፖል መድፍ

በአዲስ አበባ ከተማ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ተነሥቶ ወደ ለገሐር ቁልቁል የሚወርደው ሰፊ መንገድ ቸርችል ጎዳና ይባላል። በዚህ ጎዳና ላይ የዐፄ ቴዎድሮስ አደባባይ አለ፤ በአደባባዩም አፉን ወደ ሰማይ የከፈተ የአንድ ትልቅ መድፍ ምሳሌ ተሠርቶ ተተክሏል። የመድፉ ስም ሴባስቶፖል ነው። ዋናው መድፍ ግን እዚህ አይደለም፤ በወሎ በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል።

ልጆች ሆይ፣ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሴባስቶፖል የሰው ስም አይደለም፤ በአገራችንም እንዲህ የሚባል ስፍራ የለም። በጥቁር ባሕር ዳር ያለች የወደብ ከተማ ስም ነው። ታዲያ ከባሕር ርቆ በደብረ ታቦር አጠገብ የተሠራ መድፍ ስለ ምን በባሕር ወደብ ስም ተጠራ? ይህን የሚጠይቅ ልጅ ሁለት ታሪክ ይማራል። አንደኛው የብረት መርከብ ታሪክ ነው፤ ሁለተኛው የእኛው የራሳችን ታሪክ ነው። የሁለቱ ምክር ግን አንድ ነው። የውጭውን አገር ታሪክ ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን።

፩። የእንጨት መርከብና የሚፈነዳ ጥይት

ከጥንት ጀምሮ የጦር መርከብ የሚሠራው ከእንጨት ነበር። ጎኑ ወፍራምና ጠንካራ ስለ ሆነ፣ ድፍን የብረት ጥይት ቢመታው ይበሳዋል እንጂ ቶሎ አያሰጥመውም። በመርከቡ ውስጥ ያሉት አናጢዎችም ቀዳዳውን ወዲያው ይደፍኑት ነበር።

በ1820ዎቹ ግን ፔክሳን የሚባል የፈረንሳይ መኰንን ውስጡ ባሩድ የተሞላ ጥይት ከመርከብ መድፍ የሚተኰስበትን ዘዴ አወጣ። ይህ ጥይት የመርከቡን ጎን ሰብሮ ይገባና በውስጡ ይፈነዳል፤ እንጨቱንም በእሳት ያያይዘዋል። በ1853 ዓመት የሩሲያ መርከቦች በሲኖፕ ወደብ ቆመው የነበሩትን የቱርክ የጦር መርከቦች በእንዲህ ያለ ጥይት አቃጠሏቸው። ከዚያን ቀን ወዲያ የእንጨት መርከብ የሚታመን ጋሻ አለመሆኑን ሁሉም ተረዳ።

በሚከተለው ዓመት ፈረንሳይና እንግሊዝ ቱርክን ረድተው ከሩሲያ ጋር ተዋጉ። ሴባስቶፖልን ከብበው አሥራ አንድ ወር ያህል በመድፍ ደበደቧት፤ በ1855 ዓመት በመስከረም ወር ያዟት። የዚህ ከበባ ወሬ በዓለም ሁሉ ተሰማ።

፪። ብረት የለበሰው መርከብ

በዚያው ጦርነት የፈረንሳይ ንጉሠ ነገሥት ናፖሌዎን 3ኛ ጎናቸው በብረት የተለበጠ መርከቦች እንዲሠሩ አዘዘ። የብረቱ ውፍረት 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር። ሴባስቶፖል ከተያዘች በኋላ፣ በጥቅምት ወር 1855፣ ሦስቱ መርከቦች ኪንበርን ወደሚባል የሩሲያ ምሽግ ቀርበው ተዋጉ። የምሽጉ ጥይት ብረቱን እየመታ ተንጥሮ ወደ ባሕር ይወድቅ ነበር እንጂ ሊበሳው አልቻለም። ምሽጉም በዚያው ቀን እጁን ሰጠ።

ምናልባት አንድ ልጅ፣ «ብረት በውኃ ላይ ይሰጥም የለምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ይህን በቤቱ ሊፈትነው ይችላል። አንድ ምስማር ውኃ በሞላበት ገንዳ ውስጥ ቢጥል ይሰጥማል። ባዶ ጣሳ በቀስታ ቢያኖር ግን ጣሳው ይንሳፈፋል። ምክንያቱም ጣሳው ውስጡ ክፍት ስለ ሆነ ሰፊ ቦታ ይይዛል፤ ሰፊ ቦታ ሲይዝም ብዙ ውኃ ይገፋል። የሚገፋው ውኃ ክብደት ከራሱ ክብደት ጋር እኩል ሲሆን ውኃው ይሸከመዋል። የብረት መርከብም የሚንሳፈፈው በዚሁ ሕግ ነው።

በ1859 ዓመት ፈረንሳዮች ግሏር የሚባለውን ትልቅ መርከብ ውኃ ላይ አወረዱ፤ አካሉ እንጨት፣ ልብሱ ብረት ነበር። እንግሊዞችም ሳይዘገዩ በ1860 ዓመት ዎሪየር የሚባለውን አወረዱ፤ ጦረኛ ማለት ነው። የዎሪየር አካል ራሱ ከብረት የተሠራ ነበር። ርዝመቱ 128 ሜትር ነው። የጎኑ ልብስ 11 ሳንቲ ሜትር ተኩል የሚጠጋ ብረት ሲሆን፣ ከብረቱ በስተኋላ 46 ሳንቲ ሜትር የሚያህል ወፍራም እንጨት ነበረ። ብረቱ ጥይቱን ይመልሳል፤ እንጨቱ ደግሞ የምቱን ኃይል ያበርዳል። የእኛ አባቶች ጋሻ ሲሠሩ ወፍራም ቆዳ የሚመርጡት በዚሁ አሳብ ነበር።

፫። የጋሻና የጦር እሽቅድምድም

በመጋቢት ወር 1862 በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ቨርጂኒያ የሚባል ብረት ለበስ መርከብ በአንድ ቀን ሁለት ትልልቅ የእንጨት መርከቦችን አጠፋ። በማግስቱ ሞኒተር የሚባል ሌላ ብረት ለበስ መርከብ መጣበት። ሞኒተር መድፎቹን የያዘው በሚዞር የብረት ግንብ ውስጥ ነበር። ሁለቱ አራት ሰዓት ያህል ተጠጋግተው ተዋጉ፤ ነገር ግን አንዱ የሌላውን ልብስ ሰብሮ ሊያሸንፍ አልቻለም።

የጋሻ ብርታት ግን አዲስ ጦር ይወልዳል። ብረቱ ጥይትን ቢመልስ መድፍ ሠሪዎች የበለጠ ኃይለኛ መድፍ ሠሩ። መድፉ ቢበረታ መርከብ ሠሪዎች ብረቱን አወፈሩ። በ1876 ዓመት ውኃ ላይ የወረደው ኢንፍሌክሲብል የሚባለው የእንግሊዝ መርከብ በዋናው ስፍራ የነበረው ብረት 61 ሳንቲ ሜትር ደረሰ። በ16 ዓመት ውስጥ የብረቱ ውፍረት ከአምስት እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ከዚያም ወዲያ ፊቱ በልዩ ጥበብ የጠነከረ ብረት ተገኘ፤ እርሱም ከቀድሞው እየቀጠነ ከቀድሞው ይልቅ የበረታ ሆነ።

ታዲያ ያ የተከበረው ዎሪየር ምን ሆነ? ሲወጣ በዓለም የሚመስለው የጦር መርከብ አልነበረም። በጦርነት አንድ ጊዜ እንኳ ጥይት ሳይተኩስ፣ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ አሮጌ ተባለ። ቸርችል ጎዳና በስማቸው የተጠራው ዊንስተን ቸርችል ከ1911 እስከ 1915 የእንግሊዝን የባሕር ኃይል በሚኒስትርነት ሲመሩ፣ አዳዲሶቹ ታላላቅ መርከቦች በድንጋይ ከሰል ፈንታ በነዳጅ ዘይት እንዲሄዱ አደረጉ። ከ1929 ዓመት ጀምሮም ሽማግሌው ዎሪየር ሌሎች መርከቦች ነዳጅ ሲቀዱ የሚጠጉበት መድረክ ሆኖ ብዙ ዓመት አገለገለ። ኋላ ታድሶ ከ1987 ዓመት ወዲህ በፖርትስመዝ ወደብ ለጎብኚዎች የሚታይ ሆኗል።

፬። የጋፋት ምድጃ

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ሴባስቶፖል በተከበበችበት ዘመን፣ በየካቲት ወር 1847 ዓመተ ምሕረት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1855፣ ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። የባሕር ማዶው ጦርነት ወሬ ከእርሳቸውም ዘንድ ደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱ ከሰው የተገዛ መሣሪያ ብቻ እንደማይበቃ አስተዋሉ፤ መሣሪያውን የሚሠራውን ጥበብ በአገራቸው ሊተክሉ ፈለጉ። ይህ አሳብ ታላቅ አሳብ ነበር።

በዚያን ጊዜ በኢየሩሳሌም የነበሩት ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት የእጅ ሥራ የሚያውቁ የወንጌል ሰባኪዎች ወደ ኢትዮጵያ ልከው ነበር። ከእነርሱ አንዱ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ነበረ። ንጉሠ ነገሥቱ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አስቀመጧቸውና መድፍ እንዲሠሩ ግድ አሏቸው። ሰዎቹ የመጡት ለማስተማር ነበር፤ መድፍ ሠርተውም አያውቁም ነበር። ብዙ ጊዜ ሞክረው ከሸፈባቸው፤ በመጨረሻ ተሳካላቸው። ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም ከእነርሱ ጋር እየሠሩ ሙያውን መልመድ ጀመሩ። ከሥራቸው ሁሉ የሚበልጠው ከነሐስ የፈሰሰው ሴባስቶፖል ነበር፤ ክብደቱ ወደ 7 ሺህ ኪሎ ይጠጋል።

ነገር ግን ንጉሠ ነገሥቱ ለእንግሊዝ ንግሥት የጻፉት ደብዳቤ መልስ ባጣ ጊዜ ተቈጡ፤ የእንግሊዝን ቆንስልና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። በ1866 በአውሮፓ አቆጣጠር ባለሙያ እንዲላክላቸው መልእክተኛ ወደ እንግሊዝ ቢሰዱም፣ እስረኞቹ ሳይፈቱ የሚመጣ ባለሙያ አልተገኘም። በአገርም ውስጥ ብዙ ሰው ከድቷቸው ነበር።

በ1860 ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ይዘው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ተነሡ። በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች መድፉን በገመድ ጎተቱ። መንገድ ስላልነበረ ገደሉን እየናዱ፣ ድንጋዩን እየፈነቀሉ ሄዱ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ይደክሙ ነበር። ስድስት ወር የሚጠጋ ጊዜ ፈጀባቸው። በዚያው ወራት የጄኔራል ናፒየር ጦር በዙላ ከመርከብ ወርዶ፣ የባቡር ሐዲድ እየዘረጋና ስንቁን በዝሆንና በበቅሎ እየጫነ መጣ። በአሮጌ ሜዳ በተደረገው ውጊያ ከኢትዮጵያውያን ወገን በመቶ የሚቈጠሩ ጀግኖች ወደቁ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓመተ ምሕረት ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ላለመስጠት ራሳቸውን ሠዉ። አውሮፓውያኑ ባለሙያዎችም ከናፒየር ጦር ጋር ከአገር ወጡ። የጋፋት ምድጃ ጠፋ፤ ደቀ መዛሙርቱም መምህር አጡ። ሴባስቶፖል ግን በመቅደላ ቀረ።

፭። ምክር

ልጆች ሆይ፣ ዎሪየርንና ሴባስቶፖልን አስተያዩ። ሁለቱም ዛሬ አይተኩሱም፤ ሁለቱም ለጎብኚ ቆመው የሚታዩ ናቸው። ልዩነታቸው ከእነርሱ በኋላ በሆነው ነገር ነው። ዎሪየር ባረጀ ጊዜ መርከብ ሠሪዎቹ ሌላ ሠሩ፤ ያም ሲያረጅ ሌላ ሠሩ። ምድጃው፣ ትምህርት ቤቱና ሙያውን የተማሩት ወጣቶች በስፍራቸው ነበሩና። ሴባስቶፖል ከወጣ በኋላ ግን ከጋፋት ሁለተኛ ሴባስቶፖል አልወጣም።

እንግዲህ ብረት ያረጃል፤ ዕውቀት ግን ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲተላለፍ ይታደሳል። ዐፄ ቴዎድሮስ ጥበብን መፈለጋቸው ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ጥበብ በፍርሃትና በሰንሰለት አጠገብ ሥር አይሰድም። መምህር በፈቃዱ ሲያስተምር፣ ተማሪም በፈቃዱ ሲማር፣ ሕዝብም በሰላም ሲኖር ሥር ይሰድዳል።

የሒሳብ መልስ ከጓደኛው ደብተር የሚገለብጥ ልጅ ለአንድ ቀን ብረት እንደ ለበሰ ይመስላል። በማግስቱ አዲስ ጥያቄ ሲመጣበት ግን ልብሱ ይበሳል። ተደናቅፎም ቢሆን ራሱ የሠራው ልጅ ለነገው ጥያቄ መልስ የሚያወጣበት ምድጃ በልቡ አለ። በቸርችል ጎዳና ስትወርዱ ያንን መድፍ ባያችሁ ጊዜ፣ «የማውቀውን ለማን አስተምራለሁ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

ጥያቄ
1. የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ስሙን ያገኘው ከየት ነው?
2. ምስማር ሲሰጥም ባዶ ጣሳ ስለ ምን ይንሳፈፋል?
3. ከዎሪየር ብረት በስተኋላ እንጨት የተደረገው ለምንድር ነው?
4. ከጋፋት ሁለተኛ ሴባስቶፖል ያልወጣው ስለ ምንድር ነው?