የእንሰት ግንድ ለክተው ኤረር ባር ለሚስሉ

በሆሳዕና ዙሪያ በአንድ ጓሮ ያለ እንሰት እንኳ እኩል አይወፍርም። ለቤቱ የቀረበው ፍግ ስለሚደርሰው ይፋፋል፤ ዳር ያለው ይቀጭጫል። የግንዱን አማካይ ዙሪያ በግራፍ ላይ በአንድ ዘንግ ብቻ ካሳያችሁ ይህ ሁሉ ልዩነት ይጠፋል። ኤረር ባር የሚባለው፣ ከዘንጉ ጫፍ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሰመረው ቀጭን መስመር፣ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የልብስ ሰፊ ሜትር ያዙ። ሁሉንም ግንድ ከመሬት 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብላችሁ ለኩ። የደረቀውን ሽፋን አስቀድማችሁ ግፈፉ፤ አለበለዚያ ሜትሩ እሱንም ጨምሮ ይለካል። አንዱን እንሰት አምስት ጊዜ መለካት አምስት ናሙና አይሆንም፤ የሚያሳየው የእጃችሁን ስህተት ብቻ ነው። ከአንድ አሚቾ (የእንሰት ሥር) የበቀሉ፣ በአንድ ጓሮ ያደጉ አምስት እንሰቶችም ስለዚያ ጓሮ እንጂ ስለ አካባቢው አይናገሩም። አምስት ጓሮ ዙሩ፤ ከየጓሮው እኩያ የሆነ አንድ እንሰት በዕጣ ምረጡ። ብዙ ግራፍ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ለመለማመጃ 110፣ 150፣ 130፣ 170 እና 140 ሴንቲ ሜትር አገኘን እንበል። አማካዩ 140 ነው። እያንዳንዱ ከአማካዩ የሚርቅበትን በራሱ አባዝታችሁ ስትደምሩ 2,000 ይመጣል። በ5 ሳይሆን በ4 አካፍሉ፤ አማካዩን ያወጣነው ከእነዚሁ ቁጥሮች ስለሆነ አንዱ ተበልቷል። የ500 ስኩዌር ሩት 22.4፣ ስታንዳርድ ዴቪየሽኑ ነው። ይህን በ5 ስኩዌር ሩት ስታካፍሉ 10 ይሆናል፤ ስታንዳርድ ኤረር ይባላል። 10ን በ2.776 (ለአምስት ናሙና ከቲ ሠንጠረዥ የሚገኝ ቁጥር) ብታባዙ 27.8 ታገኛላችሁ። የ95 በመቶው ኮንፊደንስ ኢንተርቫል ከ112.2 እስከ 167.8 ነው ማለት ነው።

እንሰቶቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚለያዩ ለማሳየት ስታንዳርድ ዴቪየሽኑን ሳሉ። አማካዩን ምን ያህል እንደምናውቀው ለማሳየት ግን እኔ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉን እመርጣለሁ። ስታንዳርድ ኤረር አጭር ስለሆነ ያምራል፤ በአምስት ናሙና ግን አንባቢን ያዘናጋል።

ኤክሴል ላይ «ስታንዳርድ ኤረር» የሚለውን ዝግጁ አማራጭ ተዉት። የተሳሉትን አማካዮች እንጂ ልኬታችሁን ስለማያይ ለሁሉም ዘንግ አንድ ዓይነት ርዝመት ይሰጣል። «ከስተም» የሚለውን ከፍታችሁ ለየዘንጉ ያሰላችሁትን አስገቡ።

ለማነጻጸር፣ ለምሳሌ በዱራሜ ዙሪያ በዚሁ መንገድ የለካችሁትን ዘንግ ከሆሳዕናው ጎን ስታቆሙ፣ የ95 በመቶዎቹ መስመሮች ካልተደራረቡ ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ ነው ለማለት ያስቸግራል። ቢደራረቡ ግን «እኩል ናቸው» አትበሉ፤ ቲ ቴስት ሥሩ።

ከግራፉ ሥር ይህን ጻፉ፦ «ዘንጉ አማካይ፤ መስመሩ 95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል፤ ናሙና 5 ጓሮ፣ ከየጓሮው አንድ እንሰት።»