ስብን ወደ ጡት ማዛወር፦ አሠራሩና ወሰኑ

ጡትን ለማተለቅ ሲሊኮን ከማስገባት ይልቅ፣ ከሆድ ወይም ከጭን የተመጠጠ የራስን ስብ በመርፌ ማስገባት ዛሬ ተስፋፍቷል። የራስ ስብ ስለሆነ ጉዳት የለውም የሚለው አነጋገርም አብሮ ተሰራጭቷል። ይህ ምን ያህል እውነት ነው? እህቶቻችን በማስታወቂያ ሳይሆን በዕውቀት እንዲወስኑ ጉዳዩን ከመሠረቱ እንመርምር። (ዘመናቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

1. ታሪኩ

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1893 ጉስታቭ ኖይበር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ከክንድ በወሰደው ስብ የፊት ጠባሳ ስርጉድ ሞላ። በ1895 ደግሞ ቪንሰንዝ ቼርኒ፣ ከጡቷ እብጠት ለወጣላት ሴት ከወገቧ አካባቢ የስብ ዕጢ አውጥቶ በጎደለው ቦታ ተካላት።

በ1980ዎቹ ስብ የመምጠጥ ዘዴ ሲስፋፋ ሙከራው እንደገና ተነሣ። ነገር ግን በ1987 የአሜሪካ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ተቃወመው። ምክንያቱም የሞተ ስብ ውስጥ ካልሲየም ተጠራቅሞ ይጠጥራል፤ ይህም በጡት ራጅ ላይ የካንሰርን ምልክት ሊሸፍን ወይም ካንሰር ሊመስል ይችላል። ማኅበሩ አቋሙን ያለዘበው ከ22 ዓመት በኋላ፣ በ2009 ነው።

2. አሠራሩ

የሚዛወረው ስብ እንደ ጥጥ የሚጠቀጠቅ ነገር ሳይሆን እንደ ችግኝ የሚተከል ሕያው አካል ነው። ከደም ሥሩ ተለይቶ ስለሚመጣ፣ አዲስ ደም ሥር እስኪደርስለት ድረስ ከአካባቢው ወደ ውስጥ በሚሰርገው ኦክሲጅንና ምግብ ብቻ ይቆያል። ይህ ስርገት ደግሞ ከ2 ሚሊሜትር ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ሐኪሙ ስቡን በቀጭን ቱቦ፣ በጥቂት በጥቂቱ በታትኖ ማኖር አለበት። አንድ ቦታ ከተከመረ መሐሉ ይሞታል።

3. ውጤቱና ጉዳቱ

ከገባው ስብ ከፊሉ፣ ብዙ ጊዜ ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚደርሰው፣ በሰውነት ተመጥጦ ይጠፋል። የሚቀረው መጠን የሚታወቀው ከወራት በኋላ ነው። ስለሆነም ጭማሪው መጠነኛ ነው፤ አንዳንዴም ሥራው ይደገማል። ሰውነት ሲከሳ ወይም ሲወፍር ጡቱም አብሮ ይለዋወጣል። የሞተው ስብ ዘይት የቋጠረ ከረጢት ወይም ጠንካራ እብጠት ሊሆን ይችላል። የዛሬ የራጅ ሐኪሞች ይህን ከካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ይለዩታል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ያን ጊዜ ናሙና መውሰድ ግድ ይሆናል።

4. ከውሳኔ በፊት

ሀ) ሐኪሙ በፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና የሠለጠነና ፈቃድ ያለው መሆኑን ማረጋገጥ፤
ለ) ስንት ሲሲ እንደሚገባና ሥራው ቢደገም ወጪው የማን እንደሆነ መጠየቅ፤
ሐ) በቤተሰብ የጡት ካንሰር ካለ አለመደበቅ፤ ትምባሆ የምታጨስም ካለች ይህንኑ መናገር፤
መ) አስቀድሞ ጡትን መመርመር።

በተለይ ልናሰምርበት የምንሻው የመጨረሻውን ነው። እኛ ተማሪዎች ዛሬ እዚህ፣ ነገ አገር ቤት ነን። ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ላይ ራጁን የሚያነብ ሐኪም ስብ መግባቱን ካልሰማ፣ ያየውን ጠጣር ነጥብ በምን ያመዛዝነዋል? ስለዚህ ከቀዶው በፊትና በኋላ የተነሡትን ምስሎችና የሐኪሙን ጽሑፍ እንደ ዲፕሎማ ጠብቆ ይዞ መመለስ ያስፈልጋል።

በአጭሩ፣ ስቡ የራስ መሆኑ ሰውነት እንደ ባዕድ እንዳይገፋው ይረዳል፤ ከመሞት ግን አያድነውም። ወሳኙ የደም ሥር መድረሱ ነው።