ሁለቱ ሞተሮች
(የንጽጽር ድርሰት አጻጻፍ)

ሀ. መግቢያ

ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን አቅርቦ የሚመሳሰሉበትንና የሚለያዩበትን እየመዘኑ መጻፍ የንጽጽር ድርሰት ይባላል። ውሃንና እሳትን፣ ቀንንና ሌሊትን ማነጻጸር ቀላል ነው፤ ልዩነታቸውን ሕፃንም ያውቀዋልና። የጸሐፊው ችሎታ የሚፈተነው ሁለቱ ነገሮች እጅግ በሚመሳሰሉበት ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ ጸሐፊው ሦስት ደንቦችን መጠበቅ ይገባዋል። አንደኛ፣ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት መለኪያ ይለካል፤ የአንዱን ጉልበት ከሌላው ዋጋ ጋር አያነጻጽርም። ሁለተኛ፣ ንጽጽሩ ለምን ዓላማ እንደሚደረግ ለይቶ ያስታውቃል። ሦስተኛ፣ ፍርዱን የሚሰጠው ማስረጃውን ካቀረበ በኋላ ነው።

ቀጥሎ የቀረበው ምንባብ ስለ ሁለት የመኪና ሞተሮች ይናገራል። ባለመኪናውና መካኒኩ ለትምህርቱ ሲባል የታሰቡ ሰዎች ናቸው፤ ስለ ሞተሮቹ፣ ስለ መንገዱና ስለ አየሩ የተነገረው ግን እውነተኛ ነው። ስታነቡ ሦስቱ ደንቦች የት የት እንደተጠበቁ አስተውሉ።

ለ. ምንባብ

ይፋግ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ዘመን የታወቀች ገበያ ስለነበረች፣ ሲራራ ነጋዴ ሸቀጡን በአጋሰስ ጭኖ ይመጣባት ነበር። ዛሬ ጭነቱን የሚሸከሙት መኪናዎች ናቸው፤ ዳገቱ ግን የጥንቱ ዳገት ነው። ከይፋግ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄድ መኪና በሜዳው እስከ ወረታ ከዘለቀ በኋላ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ፣ የፎገራን ሜዳ ወደ ኋላ ትቶ ሽቅብ ይወጣል። የጣና ወለል ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን፣ ደብረ ታቦር ወደ 2,700 ሜትር ላይ ትገኛለች።

በዚህ መንገድ ሰውና እህል የሚያመላልስ አንድ የይፋግ ሰው ነበረ። ሀብቱ አንዲት አሮጌ ላንድ ክሩዘር ናት። መኪናዋ ብዙ ዓመት ካገለገለች በኋላ ሞተሯ ዘይት ይበላ፣ ጭስ ያበዛ፣ ዳገት ላይም ይለግም ጀመር። ሰውዬው የሁለት ዓመት ቁጠባውን ይዞ ያገለገለ ሞተር ሲፈልግ ሁለት አገኘ። አንደኛው ዋን ኤች ዜድ፣ ሁለተኛው ዋን ኤች ዲ ቲ ይባላል። የመጀመሪያው ርካሽ፣ ሁለተኛው ውድ ነበር። ባለመኪናው ርካሹን ገዝቶ ቱርቦ ሊያስገጥምለት አሰበና አንድ የታወቁ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ሄዶ አማከራቸው።

«ጋሼ፣ ሁለቱም እኮ አንድ ናቸው» አላቸው። «ሁለቱም ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ሁለቱም በናፍጣ የሚሠሩ፣ ሁለቱም 4,164 ሲሲ። ቱርቦ ከተጨመረለት ርካሹ ከውዱ በምን ያንሳል?»

«የተናገርኸው ሁሉ እውነት ነው፤ ያልተናገርኸው ግን ይበልጣል» አሉት መካኒኩ፤ የሁለቱንም ነገር ከሥሩ ጀምረው ይዘረዝሩለት ጀመር።

ሁለቱም የቶዮታ ሥራ ናቸው፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1990 ገደማ በላንድ ክሩዘር ላይ መገጠም የጀመሩ ናቸው። የሲሊንደራቸው ስፋት 94 ሚሊሜትር፣ የፒስተናቸው ምት 100 ሚሊሜትር ነው። እስከዚህ ድረስ ልዩነት የለም። ይሁን እንጂ አንደኛው ያለ ቱርቦ እንዲሠራ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ የሚሰጠው ወደ 130 የፈረስ ጉልበት ሲሆን፣ ሁለተኛው ከፋብሪካ ከነቱርቦው የወጣ በመሆኑ ወደ 165 ይደርሳል።

ቱርቦ ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ኃይል የሚሽከረከር መንኰራኵር ነው። በአንድ ዘንግ ላይ ከሌላ መንኰራኵር ጋር ስለተያያዘ፣ ጭሱ አንዱን ሲያዞር ሌላው አየሩን አምቆ ወደ ሲሊንደሮቹ ያስገባል። አየር ሲበዛ ብዙ ናፍጣ ማንደድ ይቻላል፤ ጉልበትም ይጨምራል። ይህን ሐሳብ የስዊስ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ እ.ኤ.አ. በ1905 በፓተንት አስመዝግቦታል።

ለደገኛ ሾፌር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ በደብረ ታቦር የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። በጉና ተራራ በኩል አልፎ ነፋስ መውጫ ለሚደርስ ሾፌር ጉድለቱ ይብሳል፤ በዚያ ነፋሱ ቢበዛም አየሩ ስስ ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ ይህን ነገር በተግባር ለማሳየት እ.ኤ.አ. በ1918 ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በኮሎራዶ ወደሚገኘው ወደ ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ አስወጣ። ከፍታው ወደ 4,300 ሜትር ነው፤ ከጉና ጥቂት ይበልጣል። በሜዳ ወደ 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር በተራራው ላይ ወደ 230 ዝቅ አለ፤ ቱርቦ ሲገጠምለት ግን የሜዳ ጉልበቱን መልሶ አገኘ። ስለዚህ የባለመኪናው ምኞት ከንቱ አልነበረም። ጥያቄው ይህን ሸክም የትኛው ሞተር ይችለዋል የሚል ነው።

በአንደኛው ሞተር ናፍጣው የሚረጨው በቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ነው። እሳቱ በዚያች ክፍል ተጭሮ በጠባብ ጉሮሮ በኩል ወደ ፒስተኑ ይወረወራል። ይህ አሠራር ለሞተሩ ልዝብ ድምፅ ይሰጠዋል፤ ነገር ግን ሙቀቱን በጠባብ ቦታ ያከማቻል። በዚህ ላይ ሞተሩ የሳበውን አየር ከ22 እጥፍ በላይ ያምቃል። ያለ ቱርቦ ይህ ሁሉ የተመጠነ ነው፤ ሞተሩም በረጅም ዕድሜው የተመሰገነ ነው። የታመቀ አየርና ተጨማሪ ናፍጣ ሲጫንበት ግን ጉሮሮው ከመጠን በላይ ይግላል፤ ያች ትንሽ ክፍል፣ ቴስታታው፣ የፒስተኑም አናት ሊሰነጠቁ ይችላሉ።

በአንጻሩ በሁለተኛው ሞተር ናፍጣው በቀጥታ በፒስተኑ አናት ላይ ባለው ጎድጓዳ ውስጥ ይረጫል። አየሩን የሚያምቀውም ከ19 እጥፍ ባነሰ መጠን ነው። ቱርቦ የሚያመጣው ግፊትና ሙቀት ከመጀመሪያው ታስቦበታል። ይህም ሲባል ነቀፋ የለበትም ማለት አይደለም። የፒስተኖቹን ክንድ ከኮሎው ጋር የሚያገናኙት ኩሽኔታዎች ያለጊዜያቸው እንደሚበሉ በመካኒኮች ዘንድ የታወቀ ነው። መለዋወጫውም እንደ አንደኛው በየቦታው አይገኝም።

«ነጋዴ በቅሎ ሲገዛ» አሉ መካኒኩ፣ «ከቁመቷ ይልቅ ጀርባዋንና ኮቴዋን ይመለከታል። አንተ ግን ቁመት ለክተህ መጣህ። ርካሹን ከወደድኸው እንዳለ ተወው፤ ጭነትህን ቀንስ፣ ዳገቱንም በከባድ ማርሽ ውጣ። ቱርቦ ካስፈለገህ ለቱርቦ የተሠራውን ግዛ፤ ከመግጠምህም በፊት ኩሽኔታውን አስፈትሽ።»

«ጋሼ፣ ርካሹን ገዝተው ቱርቦ አስገጥመው የሚነዱ አሉ እኮ!»

«አሉ። አየሩን በመጠኑ የሚጭኑ፣ ፖምፓውን የማያበዙ፣ የጭሱን ሙቀት በመለኪያ የሚከታተሉ፣ ራሳቸው የሚነዱ ሰዎች ናቸው። አንተ የምታሠራው ሾፌር ቀጥረህ ነው። ጠዋት የሸኘኸው መኪና ዳገቱ ላይ ምን ያህል እንደሚረገጥ አታየውም። ሞተሩ ሲሰነጠቅ ደግሞ መንገደኛው ከነእህሉ ሜዳ ላይ ይቀራል።»

ባለመኪናው ያን ቀን አልወሰነም። ማታ በኩራዝ ብርሃን የርካሹን ሞተር ዋጋ፣ የቱርቦውን፣ የቧንቧውን፣ የመግጠሚያውን፣ ቴስታታው ቢሰነጠቅ የሚያወጣውንና መኪናዋ ቆማ የምታሳልፈውን ቀን ኪሳራ በወረቀት ላይ ደመረ። ድምሩ ከውዱ ሞተር ዋጋ በለጠ። በማግሥቱ ዕቁብተኞቹን ተራውን እንዲያስቀድሙለት ለመናቸው፤ እሺ አሉት። ሁለተኛውን ሞተር ገዛ፤ ሲፈተሽ ኩሽኔታው ተበልቶ ስለተገኘ አስለወጠው፤ የሞተሩንም ቁጥር በሊብሬው ላይ አስመዘገበ።

ሐ. የቃላት ፍቺ

ሲራራ ነጋዴ፦ ሸቀጥ ጭኖ ከአገር ወደ አገር የሚዘዋወር ነጋዴ
አጋሰስ፦ የጭነት ከብት
ለገመ፦ አልታዘዝ፣ አልንቀሳቀስ አለ
አመቀ፦ ጨቁኖ ወይም ጠቅጥቆ አስገባ
ቴስታታ፦ ሲሊንደሮችን ከላይ የሚከድን የሞተር ክፍል
ኩሽኔታ፦ ተሽከርካሪ ብረት ያለ ብዙ ፍትጊያ እንዲዞር የሚያደርግ ማረፊያ
ፖምፓ፦ ናፍጣን እየመጠነ ወደ ሲሊንደሮች የሚገፋ መሣሪያ

መ. የሰዋስው ማስታወሻ

1. ንጽጽርን የሚያያይዙ ቃላትና ምዕላዶች ብዙ ናቸው። በምንባቡ ውስጥ የሚከተሉት ይገኛሉ።
(ሀ) «ቢ…ም»፦ በዚያ ነፋሱ ቢበዛም አየሩ ስስ ነው። አንዱን እውነት ተቀብሎ ሌላውን ያጸናል።
(ለ) «ከ… ይልቅ»፦ ከቁመቷ ይልቅ ጀርባዋንና ኮቴዋን ይመለከታል። ምርጫን ያመለክታል።
(ሐ) «በአንጻሩ»፦ በአንጻሩ በሁለተኛው ሞተር ናፍጣው በቀጥታ ይረጫል። በአንቀጽ መነሻ ላይ ሲገባ ሐሳቡ ወደ ሁለተኛው ወገን መሻገሩን ያስታውቃል።

2. «ይበልጣል»፣ «ያንሳል»፣ «ይሻላል» የሚሉት ግሦች ብቻቸውን ሲቆሙ ንጽጽሩ ጎደሎ ይሆናል። «ይህ ሞተር ይሻላል» የሚል ተማሪ ሦስት ጥያቄዎች ይቀሩታል፤ ከምን? በምን? ለምን ሥራ? ባለመኪናው «ርካሹ ከውዱ በምን ያንሳል?» ሲል ሁለቱን ብቻ አንሥቷል። መካኒኩ ያሟሉለት ሦስተኛውን ነው። የተሟላው ዐረፍተ ነገር «ቱርቦ ተጭኖበት ዳገት ለሚወጣ መኪና፣ ዋን ኤች ዲ ቲ ከዋን ኤች ዜድ ሙቀትን በመቻል ይሻላል» የሚል ይሆናል።

ሠ. መልመጃ

1. ለሚከተሉት ጥያቄዎች በተሟላ ዐረፍተ ነገር መልስ ስጡ።
(ሀ) ሁለቱ ሞተሮች በምን በምን ይመሳሰላሉ?
(ለ) በፓይክስ ፒክ ላይ የተደረገው ሙከራ በምንባቡ ውስጥ ለምን ተጠቀሰ?
(ሐ) መካኒኩ የመረጡትን ሞተር ጉድለት መናገራቸው ክርክራቸውን ያጠነክረዋል ወይስ ያደክመዋል? ምክንያታችሁን ግለጹ።

2. የሚከተሉትን ጎደሎ ንጽጽሮች «ከምን፣ በምን፣ ለምን ሥራ» የሚሉትን በመመለስ አሟሉ።
(ሀ) በቅሎ ትሻላለች።
(ለ) የደጋ መንገድ ይብሳል።
(ሐ) ያገለገለ ዕቃ ይረክሳል።

3. ባለመኪናው መኪናዋን ራሱ የሚነዳና ከይፋግ እስከ ወረታ ባለው ሜዳ ላይ ብቻ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ የመካኒኩ ምክር ምን ይሆን ነበር? በሁለት አንቀጽ ጻፉ።

4. በአካባቢያችሁ በጣም ከሚመሳሰሉ ሁለት መሣሪያዎች፣ የእህል ዘሮች ወይም የቤት እንስሳት መካከል ለአንድ የተወሰነ ሥራ የሚሻለውን መርጣችሁ የንጽጽር ድርሰት ጻፉ። የመረጣችሁትን ጉድለት ሳትደብቁ ግለጹ።