ጨው ከሄደበት ውሃ ይከተላል

በነፋስ ስልክ ላፍቶም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል፥ ሙሽራ ተድራ ሁለት ዓመት ሳትወልድ ከቆየች ጣት የሚቀሰረው በእርሷ ላይ ነው። ይህ ፍርድ ምን ያህል መሠረት እንዳለው ለመመርመር ከጨውና ከውሃ እንጀምር።

ቲማቲም ከትፈን ጨው ብንነሰንስበት ጥቂት ቆይቶ ውሃ ያወጣል፤ ውሃ ጨው ወደ በዛበት ይሄዳልና። የወንዱም የሴቷም የዘር ቱቦዎች እርጥበታቸውን የሚያገኙት በዚሁ ሕግ ነው።

ሊቃውንት ይህን ለማየት የቱቦውን የውስጥ ሽፋን ሕዋሳት ከእንስሳ ወስደው፥ ቀዳዳው እጅግ በረቀቀ ወንፊት ላይ በ37 ዲግሪ ሙቀት ያሳድጓቸዋል። ሕዋሳቱ ጎን ለጎን ተያይዘው አንድ ንጣፍ ሲሆኑ፥ በሁለት ፈሳሾች መካከል ያኖሯቸውና በንጣፉ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ይለካሉ። በዚህ ዘዴ የዴንማርኩ ሐንስ ኡሲንግ በ1951 እ.ኤ.አ. የእንቁራሪት ቆዳ ሶዲየምን እንደሚያሻግር አሳይቷል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የሕዋሱ ፓምፕ ሦስት ሶዲየም አውጥቶ ሁለት ፖታሲየም ያስገባል። የወጣው ሶዲየም ተመልሶ ሲገባ ክሎራይድን አስከትሎ ይገባል። ክሎራይዱም ወደ ቱቦው ክፍተት በሚያስወጣ በር ይሾልካል፤ ሶዲየም በሕዋሳቱ መካከል አልፎ ይከተለዋል፤ ሁለቱ በአንድነት ጨው ናቸውና ውሃም ይከተላቸዋል።

በሩን የሚያስከፍተው ማን ነው? የወንዱ ዘር በሚበስልበት ቱቦ ሕዋሳት ላይ አድሬናሊን ሲጨመር፥ ራሱ ሳይገባ ከውጭ ሆኖ ትእዛዙን ወደ ውስጥ ያስተላልፋል። ነፋስ ስልክ ማለትም ያለ ሽቦ መልእክት ማድረስ ነውና፥ የሰፈሩን ስም ያወቀ ይህን አይረሳም።

የዚህ በር ጂን በ1989 እ.ኤ.አ. ታወቀ። ጂኑ ሲበላሽ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባል በሽታ ያመጣል። በሽታው ይበልጥ የሚታወቀው በአውሮፓውያን ዘንድ ቢሆንም ትምህርቱ ለእኛም ነው፤ በሽታው ካለባቸው ወንዶች አብዛኞቹ የዘር ማስተላለፊያ ቱቦ ሳይኖራቸው ይወለዳሉና። ሰውዬው ለዓይን ጤነኛ ወንድ ነው፤ ጉድለቱ ግን በእርሱ ነው።

በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከል ተከፍቷል። እንዲህ ባለው ሕክምና የሴቷ እንቁላልና የወንዱ ዘር በሳሕን ላይ የሚገናኙት፥ የቱቦውን ፈሳሽ በሚመስል፥ ጨዉ በልክ በተመጠነ ፈሳሽ ውስጥ ነው። ቱቦው በስውር የሚሠራውን ሥራ የሰው እጅ ተክቶታል ማለት ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፥ ነገ ለሽምግልና ብንጠራ፥ ሙሽራይቱ ወደ እናቷ ቤት ከመመለሷ በፊት «ሁለቱም ይመርመሩ» ለማለት እንድፈር።